«ፊት ማጣመም ጥበብ አይደለም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ፦ ሚስተር ቢን እንዴት ተሠራ?

ሰሞኑን በቴሌግራም ከቡድን ወደ ቡድን ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ፤ ርዕሱ «ፊት ማጣመም ጥበብ አይደለም» ይላል። መነሻው የከተማችን ዳር ጉዳይ ነው። በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ያሉ ወጣቶች በስልክ እየቀረጹ ቲክቶክ ላይ የሚለቋቸው ጭውውቶች ለዛ አጥተዋል፤ ለዛ ያጡትም ሚስተር ቢንን፣ ማለትም እንግሊዛዊው ኮሜዲያን ሮዋን አትኪንሰን የሚጫወተውን ቃል እምብዛም የማይናገር ገጸ ባሕርይ፣ ስለሚኮርጁ ነው ይላል። ጽሑፉ አቀላጥፎ የተጻፈ ስለሆነ ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። ያሳሰበኝም ይኸው ነው። እነዚያ ወጣቶች አምነውት ብዙ ሊማሩበት ከሚችሉት ሰው እንዳይሸሹ እሰጋለሁ።

የጸሐፊውን ነጥቦች ሳላዛባ ላስቀምጥ። አትኪንሰን በአንድ ፊትና በአንድ ገጸ ባሕርይ «በመቶዎች በሚቆጠሩ ክፍሎች» አንዱን ዘዴ እየደጋገመ የኖረ ሰው ነው ይላሉ። ሐያሲያን ንቀውታል፣ የረባ ሽልማትም አላገኘም። በፕሮግራሙ የምንሰማው ሳቅ በማሽን የተለጠፈ ነው። ቃል የሌለው ቀልድ አእምሮ አይጠይቅም፣ ለሕፃናት የሚሆን ነው። በመጨረሻም የኛ ሳቅ የቃል ሳቅ ስለሆነ፣ ሰምና ወርቅ ያለው ሕዝብ ከእንዲህ ያለ ቀልድ የሚማረው ነገር የለም። ስለ ወጣቶቹ ሥራ ድክመት ያሉት በአብዛኛው ትክክል ነው፤ እዚያ ላይ አልከራከርም። የምከራከረው ስለ መንስኤው ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። ሰው የተወነበት የሚስተር ቢን ተከታታይ በጠቅላላው 15 ክፍል ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 በእንግሊዙ አይቲቪ ጣቢያ ተላለፈ። እስከ 1995 ድረስ 14ቱ በቴሌቪዥን ቀረቡ፤ 15ኛው መጀመሪያ የወጣው በቪዲዮ ካሴት ነው። አንዱ ክፍል 25 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ ሁሉም ሲደመር ከስድስት ሰዓት ብዙም አይዘልም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉንም አይቶ ሲጨርስ ገና መንገድ ላይ ነው። ጸሐፊውን ያሳሳታቸው ምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ከ2002 ጀምሮ የተሠራው ካርቱን ብዙ ክፍሎች አሉት፤ የ15ቱም ክፍሎች ቁርጥራጭ ዩቲዩብ ላይ በየስሙ ተለጥፎ ስለሚገኝ ማለቂያ የሌለው ይመስላል። ካርቱኑ ራሱን ይደግማል ቢሉ እስማማለሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ ስድስት ሰዓት የሚሆን ሥራ ብቻ አውጥቶ ያቆመን ሰው ግን በድግግሞሽ መክሰስ አይቻልም።

«አንድ ፊት» የሚለውም የሥራ ታሪኩን አይመጥንም። አትኪንሰን ቢን ከመሆኑ በፊት ከ1979 እስከ 1982 በቢቢሲ በዜና ላይ የሚቀልድ የጭውውት ፕሮግራም ከሠሩት ተዋንያን አንዱ ነበር። ከዚያ ከ1983 እስከ 1989 «ብላክአደር» የተባለውን ታሪካዊ ኮሜዲ ሠራ፤ አራት ዙር፣ እያንዳንዱ ስድስት ክፍል። ብላክአደር ከዳር እስከ ዳር የቃል ቀልድ ነው። ሰውየው ፊቱን እምብዛም አያንቀሳቅስም፤ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ አንድ ረጅም ስድብ ይወረውራል፣ የተሰደበው ሰው ሳይገባው ያልፋል። አትኪንሰን መንተባተብ የነበረበት ሰው ነው። አንዳንድ ፊደላትን ጠበቅ አድርጎ የሚናገርበት መንገድ ያንን ለመሻገር የተጠቀመበት ነው፤ በኋላ ግን ራሱ የቀልዱ መሣሪያ ሆነ። ጸሐፊው ቃል ያለውን ቀልድ የሚያከብሩ ከሆነ መጀመሪያ ማየት የነበረባቸው ይህንን ነው።

ስለ ብላክአደር ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለወጣቶቻችን ከሁሉ የሚበጀው ትምህርት እዚህ አለ። የመጀመሪያው ዙር አልተሳካም ነበር ማለት ይቻላል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ከቤት ውጭ በፈረስና በግንብ ተቀርጾ፣ የተቀበለው ሰው ግን ግማሽ በግማሽ ነበር። ቢቢሲም ሁለተኛ ዙር ለመፍቀድ አመነታ። ያስተካከሉት እንዴት ነው? ወጪ ለመቀነስ ቀረጻው ወደ ስቱዲዮ ገባ። አትኪንሰን ከድርሰቱ ወጥቶ በትወናው ላይ ብቻ አተኮረ፤ በእሱ ቦታ ቤን ኤልተን ከመጀመሪያው ዙር ተባባሪ ደራሲ ከሪቻርድ ከርቲስ ጋር መጻፍ ጀመረ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የገጸ ባሕርያቱ ለውጥ ነው። በመጀመሪያው ዙር ጌታው ብላክአደር ቂል፣ አሽከሩ ባልድሪክ ብልህ ነበሩ። በሁለተኛው ጌታው ብልህ፣ አሽከሩ ቂል ሆኑ። አእምሮው ቦታ ሲቀያየር ቀልዱ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ብልህ ሰው በቂሎች ተከቦ መውጫ ሲያጣ ለንግግር ሰፊ ቦታ ይከፈትለታልና። በ1989 የቀረበው አራተኛው ዙር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ የሚካሄድ ነው፤ የመጨረሻው ክፍል የሚያልቀው ስናያቸው የከረምነው ሰዎች ከምሽግ ወጥተው ወደ ጥይት ሲሮጡ ነው። ይህን ያየ ሰው «አንድ ዘዴ» የሚለውን ቃል መልሶ ይውጠዋል።

ወደ ሐያሲያኑ እንለፍ። ሽልማት አላገኘም የሚለው በቀላሉ ይመለሳል። የሚስተር ቢን የመጀመሪያ ክፍል በ1990 በስዊዘርላንዱ የሞንትሩ የቴሌቪዥን ፌስቲቫል «ወርቃማ ጽጌረዳ» የተባለውን ዋናውን ሽልማት ወስዷል። አትኪንሰን ራሱ በትወናው ባፍታ የተባለውን የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ሁለት ጊዜ አግኝቷል፤ አንዱን በ1981፣ ሌላውን በ1990 ለብላክአደር። ግን ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም። ሚስተር ቢን ራሱ ለባፍታ ታጭቶ አላሸነፈም። ከብላክአደር በኋላ ሲያዩት «ወረደ» ያሉ እንግሊዛውያን ሐያሲያንም ነበሩ። ፊልሞቹማ ከቴሌቪዥኑ ሥራ ያንሳሉ፤ ይህን በግልጽ እቀበላለሁ። የ1997ቱ ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ገቢ ግን የጥራት ማስረጃ አይሆንም። ያነሰበት ምክንያት አሠራሩ ላይ ነው። የቢን ጭውውት በአማካይ ስምንትና አሥር ደቂቃ የሚኖር ፍጥረት ነው። ዘጠና ደቂቃ ለመሙላት ዙሪያው ቤተሰብ፣ ትዳር የሚያናጋ ችግርና የሚያስለቅስ ነገር ተጨመረ፤ ዝም ማለት ያለበት ሰውም መጨረሻ ላይ ቆሞ ንግግር አደረገ። በ2007ቱ ፊልም ወደ ዝምታው መመለሱ ስህተቱ እንደታወቀ ያሳያል።

ሳቁ የተለጠፈ ነው ለሚለው መልሱ አጭር ነው። የስቱዲዮ ትዕይንቶቹ የተቀረጹት ተመልካች ተቀምጦ እያየ ነው። ውጭ የተቀረጹት ደግሞ ለተመልካች ታይተው ሳቁ በዚያው ተቀድቷል። የምንሰማው በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ የሳቁ ሰዎችን ድምፅ ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ፦ ቃል የሌለው ቀልድ አእምሮ አይጠይቅም። አትኪንሰን በኒውካስል በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቆ በኦክስፎርድ ሁለተኛ ዲግሪውን በዚያው ዘርፍ የሠራ ሰው ነው፤ የቢንም ጥንስስ ከዚያ ዘመን ነው። ዲግሪ ቀልደኛ አያደርግም። ግን የአሠራሩን ጥንቃቄ ስታዩ የመሐንዲስ እጅ ይታያችኋል። በ1987 በካናዳ ሞንትሪያል የሳቅ ፌስቲቫል ላይ ሲጋበዝ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በሚታደሙበት መድረክ ካላቀረብኩ አለ። ቀልዱ ያለ ቋንቋ ይቆም እንደሆነ በማያውቁት ሰዎች ፊት መፈተን ፈልጎ ነው። ዝምታው ከስንፍና የመጣ ቢሆን ኖሮ ፈተና አይፈልግም ነበር።

በ1992 በሠራው ስለ ቀልድ በሚያስተምር ፊልም ላይ አንድ ነገር ወይም ሰው የሚያስቅባቸውን ሦስት መንገዶች ለይቶ ያሳያል፦ ያለ ወትሮው ጠባይ ሲያሳይ፣ ያለ ቦታው ሲገኝ፣ ያለ ልኩ ሲሆን። ከሦስቱ አንዱም ስለ ፊት አያወራም። ፊት የሚመጣው በኋላ ነው፤ የሆነውን ነገር ሰውየው እንዴት እንደተረዳው ለማሳየት።

አንድ ትዕይንት እንፍታ። በሁለተኛው ክፍል ቢን ልደቱን ለማክበር ብቻውን ምግብ ቤት ይገባል። ለራሱ የልደት ካርድ ጽፎ፣ አሽጎ፣ ሌላ ሰው የላከለት ይመስል ከፍቶ ይደነቃል። ከዚያ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ስቴክ ታርታር ያዛል። ይህ በጥሬው የተከተፈ የበሬ ሥጋ ነው፤ በኛ አነጋገር ቅቤና ሚጥሚጣ የቀረበት ክትፎ በሉት። ቀምሶ ያንገሸግሸዋል። እዚህ ላይ አስቡ፦ ሳቁ ከምግቡ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ጥሬ ሥጋ በሰልፍ የሚበላበት አገር ሰው አይስቅም ነበር። ይስቃል። የሚስቀው ይሉኝታው ላይ ስለሆነ ነው። አሳላፊውና የቤቱ ኃላፊ እየመጡ እንዴት ነው ሲሉት ቢን አልወደድኩትም ማለት አይችልም፤ አፉን ሞልቶ ፈገግ ይላል። «በሞቴ» ተብሎ ሦስተኛ ጉርሻ የተቀበለ ኢትዮጵያዊ ይህን ትዕይንት ማንም እንዲተረጉምለት አያስፈልገውም።

ከዚያ ሥጋውን መደበቅ ይጀምራል፤ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ በገዛ ጠረጴዛው ላይ ይደብቃል፦ ሰናፍጩ ውስጥ፣ አበባው ውስጥ፣ ዳቦው ውስጥ። የራሱ ቦታ ሲሞላበት ወደ ሰው ንብረት ይሻገራል፦ ወደ ጎረቤት ሴትዮ የእጅ ቦርሳ፣ ወደ ቫዮሊን ተጫዋቹ ሱሪ። በእያንዳንዱ እርምጃ አደጋው ይጨምራል፤ ምክንያቱ ግን ያው አንዱ ይሉኝታ ነው። በመጨረሻ አሳላፊው እግሩ ላይ ተሰናክሎ ሲወድቅ ቢን ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ ያላክካል፤ ሥጋው የተበታተነው በዚህ ሰው ነው ማለቱ ነው። ተሳካለት። ኃላፊው አዝኖ ሌላ ጠረጴዛ ይሰጠዋል፣ ደግሞም አዲስና ከፊተኛው የበዛ ታርታር ያስመጣለታል። ውሸቱ ቅጣቱን ይዞለት መጣ። ይህ መነሻ፣ ዕድገትና ፍጻሜ ያለው ድርሰት ነው፤ ብዙ የቃል ጭውውቶቻችን ይህን ያህል የጠበቀ አጥንት የላቸውም።

ጨካኝ ነው፣ ራስ ወዳድ ነው ብለው ጽሑፉ ውስጥ በአንድ መስመር ያነሡት ግን እውነት ነው። ቢን የልጅ ጭካኔ ያለው ሰው ነው፤ ልጅ የሚኮርጀው ከሆነ ወላጅ አጠገቡ ቢቀመጥ ጥሩ ነው።

የኛ ሳቅ የቃል ሳቅ ነው የሚለው ከሁሉም የሚያምር ክርክራቸው ነው፤ ግማሹም ልክ ነው። ተስፋዬ ካሳ ማይክራፎን ይዞ፣ ደረጄ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ በጥንድ ቆመው ሕዝብ ያሳቁት በዋናነት በቃል ነው። ግን ጸሐፊው በምስክርነት የጠሯቸውን አለቃ ገብረ ሃናን እንደገና ልጥራቸው። በቃል ጨዋታቸው የሚጠቀሱት እኚሁ ሊቅ የተክሌ አቋቋም የተባለው የዝማሜ ስልት አመንጪ እንደሆኑ፣ ስልቱም ባስፋፋው በልጃቸው በተክሌ ስም እንደተጠራ ይነገራል። አቋቋም በመቋሚያና በሰውነት እንቅስቃሴ የሚፈጸም ሥርዓት ነው። ቅዱስ ነገርን ከቀልድ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ የቃል ጌታ የተባሉት ሰው ሰውነት የሚናገረውን ጠንቅቀው ያውቁ እንደነበር ለማሳየት ነው። የዕለት ንግግራችንስ? ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» እንላለን። ቅንድብ አንሥተን እንስማማለን። ከወንበር ብድግ ከማለታችን ልክ ለሰውየው ያለንን ክብር ይለኩታል። ታክሲ ወረፋ ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ሳይወጣቸው ማን ቀድሞ እንደመጣ ይከራከራሉ። ይህን ሁሉ የታደለ ሕዝብ ቃል የሌለው ቀልድ ባዕዱ ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ የወጣቶቹ ጭውውት ለምን ደከመ? የሚኮርጁት መጨረሻ የሚመጣውን ፊት ስለሆነ፣ ፊቱን የወለደውን ነገር ትተውት ነው። በየሰፈሩ የሚደጋገመውን የጀሪካን ቀልድ እንውሰድ። ውሃ በፈረቃ ነው፤ አንድ ልጅ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፤ ሲደርስ ጀሪካኑ ቀዳዳ ኖሮት ባዶ ሆኗል። ስልኩ ወደ ፊቱ ይጠጋል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ «ቦይንግ» የሚል ድምፅ ይገባል። አያስቅም። ተመልካቹ ቀዳዳውን ያወቀው ከልጁ ጋር እኩል ስለሆነ የሚጠብቀው ነገር አልነበረውም። ልጁም በመንገዱ ላይ ምንም አላሰበም።

በቢን አሠራር ሲሆን ቀዳዳው መጀመሪያ ይታያል፤ ምድር ላይ፣ ጀሪካኑ ገና ሲነሣ፣ ለሁለት ሰከንድ። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ያውቃል፣ ልጁ አያውቅም። በመጀመሪያው ፎቅ ትከሻው ወርዶ፣ እያቃሰተ ያልፋል። በሁለተኛው ሸክሙ ቀለል ይለዋል፤ ልጁ ግን ውሃ እየፈሰሰ ነው ብሎ አያስብም፣ እየጎለበትኩ ነው ብሎ ያስባል። ክንዱን ዳሰስ አድርጎ ደረቱን ይነፋል። በሦስተኛው በአንድ ጣት ያወዛውዘዋል። ሳቁ ያለው እዚህ የተሳሳተ ሐሳብ ውስጥ ነው፤ ፊቱ ደግሞ ያለ ምንም ማጣመም በኩራት ራሱ ይመጣል።

ቀረጻው የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ባዶ ጀሪካን ይዞ ከባድ ማስመሰል ወዲያው ይነቃል፤ ክንዱ ይወዛወዛል፣ ጀሪካኑ እግር ሲነካ ይነጥራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ፎቅ በእውነት 20 ሊትር ይኑርበት። በምስማር የተበሳ ቀዳዳ ግን አንድ ጀሪካን በአንድ አወጣጥ ባዶ አያደርግም፤ ሩብ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። መፍትሔው በየፎቁ ውሃውን በእጅ መቀነስ ነው፦ 20፣ ከዚያ 12፣ ከዚያ 5፣ መጨረሻ ላይ አንድ ኩባያ። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ከተዘጋ አየር ስለማይገባ ውሃው እየተቆራረጠ ያቆማል፤ ላላ ይደረግ። ደረጃው አንዴ ከረጠበ ደግሞ ለመቅረጽ እስኪደርቅ መጠበቅ አለ፤ ስለዚህ ቀዳዳው በፕላስተር ተሸፍኖ ሦስት አራት ጊዜ ይለማመዱ፣ ከዚያ በውሃ አንድ ጊዜ። የረጠበ ሊሾ ስለሚያንሸራትት ነጠላ ጫማ አይደረግ። ስልኩ በእጅ አይያዝ፤ ከደረጃው አራት ሜትር ያህል ርቆ፣ በደረት ቁመት፣ ጡብ ላይ ይቀመጥ፤ ከራስ ፀጉር እስከ ጫማ ይግባ። በሦስቱም ፎቅ ርቀቱና ቁመቱ አንድ ይሁን፣ ምክንያቱም ተመልካቹ ልዩነቱን የሚያነበው ሌላው ነገር ሁሉ ሲመሳሰል ነው። የውሃው ጠብታ ድምፅ ለብቻው ከቅርብ ይቀዳ፤ ኮሪደር ላይ ነፋስ ይውጠዋል። ሙዚቃም «ቦይንግ»ም አይግባ።

አራተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ኩባያ ያወጣል፣ ይደፋል፤ ጠብ ይላል። እዚህ ልጆቹ ያቆማሉ፤ እንዳያቆሙ እለምናለሁ። ከታች አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ የረጠበውን ደረጃ እያዩ፣ የውሃውን መስመር ተከትለው ይወጣሉ። ልጁ ያያቸዋል። አንድ፣ ሁለት ብሎ በልቡ ይቁጠር፤ ቶሎ ከተንቀሳቀሰ ማሰቡ አይታይም። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰብሮ በትሕትና ሰላም ይላቸዋል፤ ጎንበስ ባለበትም ጀሪካኑን በእግሩ ቀስ አድርጎ ወደ ጎረቤቱ በር ይገፋዋል። ስልኩ ከአራት ሜትሩ እንዳይነቃነቅ።